የኋላው ክፍል ናሙና

መሥሪያ ቤት ውስጥ «አፍንጫ» ነበር የሚሉኝ። ስሙን ያወጡልኝ አለቃዬ ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን አብረን ለምርመራ ሄደን፣ በሩ ገና ሳይከፈትልን «እዚህ ቤት ሻጋታ አለ» አልኩ። ገብተን ቁም ሳጥኑን ስናንቀሳቅሰው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ፀጉር አብቅሏል። ጋሼ ዘወር ብለው አዩኝና «ታዲያ መለኪያውን ለምን እንሸከማለን፤ አንቺን ይዘን አንዞርም?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ እሱ ሆነ።

ሥራችን የሰው ቤት እየገቡ እርጥበትና ሻጋታ መፈለግ ነው። ግድግዳ እናንኳኳለን፣ ምንጣፍ እንገልጣለን፣ ኮርኒስ ውስጥ በባትሪ እናያለን፤ የክፍሉን አየር በትንሽ ፓምፕ ስበን ናሙናውን ላቦራቶሪ እንልካለን። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት እንጽፋለን። ሰው በዚያች ወረቀት ቤት ይገዛል፣ ይከራያል፣ ልጁን ያስተኛል። ይህን የምነግራችሁ፣ የማደርገውን አላውቅም ነበር እንዳልል ነው። አውቅ ነበር።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ፣ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ እየሄደች በእኔ ፈንታ የተሰደበችልኝ እሷ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላም ከቤቱ አልወጣችም። ራሷ ላይኛው ፎቅ ትኖራለች፤ ምድር ቤት ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራይታለች። ከእነሱ ጀርባ ሌላ አንድ ክፍል አለ። ግማሽ ጎኑ ዳገቱ ውስጥ ገብቷል፤ መስኮቱም አንድ ብቻ ነው። እናታችን የመጨረሻ ሁለት ዓመቷን የተኛችው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልኖረበትም።

አንድ ጠዋት እታለም ደወለችልኝ።

«ሚጡ፣ ሥራ ላመጣልሽ ነው» አለች እየሳቀች። እታለም ጠዋት ጠዋት ከሳቀች ነገር አለ ማለት ነው። «ልብስ ሰፊዋ የኋላውን ክፍል ጨምሪልኝ አለችኝ። እሺ ብላት፣ ይሸተኛል፣ መጀመሪያ ይመርመርልኝ አትለኝም? እህቴ መርማሪ ናት አልኳት። ዝም አለች።»

«ክፍሉን ለምን ፈልጋው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጨርቅ ታስቀምጥበት ይሆናል።»

«እታለም፣ የዘመድ ቤት መመርመር አይፈቀድልኝም። ሌላ ሰው ልላክልሽ።»

ሳቋ ቆመ። «የእናትሽን ቤት ባዳ ገብቶ እንዲያንኳኳው ነው የምትፈልጊው?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን በሕይወቴ እታለምን እምቢ ብዬ አላውቅም። ቤቱ ገና በእናታችን ስም ስለነበረ መዝገቡን ያየ ሰው ዝምድናችንን አይደርስበትም። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ እግሬን ሳስገባ አወቅሁት። ሳይደርቅ ታጥፎ የከረመ ፎጣ ይሸታል። ግድግዳው ግን አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል።

«መቼ ነው የተቀባው?» አልኳት።

«ባለፈው ሳምንት። አሳምሬ ላስረክብ ብዬ ነው።»

የእርጥበት መለኪያውን ከወለሉ ከፍ አድርጌ በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ደረቅ ግድግዳ ላይ ከአሥራ አምስት የማያልፈው ቁጥር ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ አርባ አንድ። እታለም ቁጥሩን አላየችም፤ ፊቴን ነው ያየችው። አየችኝና ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይናፈስ። ታፍኖ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም» አለች።

የእኛን ሥራ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። አየር ከመለካታችን በፊት ክፍሉ አንድ ሙሉ ቀን ተዘግቶ መዋል አለበት። መስኮት ከተከፈተ የውጭው አየር ይገባና የውስጡን ያጥበዋል፤ ፓምፑ የሚይዘው የመንገዱን አየር ነው። ከዚያ ላቦራቶሪው የውስጡን ናሙና ከውጭው ጋር ሲያስተያየው ልዩነት አያገኝም። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

«እታለም፣ መስኮቱ ይዘጋ» አልኩ።

«ሚጡ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዝናቡ ሲያባራ አሸንዳውን አሠራዋለሁ። አሁን የሆነ ነገር ብለሽ ከጻፍሽ ይህ ቤት ስሙ ይበላሻል። ያደግነው እዚህ አይደለም እንዴ? ምን ሆንን?»

ፓምፑን ከክፍሉ መሐል፣ ልክ የሥራ መመሪያችን እንደሚለው በሰው አፍንጫ ቁመት ተከልኩት። አስነሳሁት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ከመስኮቱ የሚገባው ንፋስ መጋረጃውን ሲያውለበልበው ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወጥቼ የውጭውን ናሙና ወሰድኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የታጠፈ የብረት አልጋ ግድግዳ ተደግፎ አየሁ። አጠገቡ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ፍራሽ አለ። ጨርቅ አልጋ ላይ አይቀመጥም። ይህን ለማወቅ አፍንጫም አያስፈልግም። ግን የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ልብስ ሰፊዋ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አውጥታ «እንዴት ነው እህቴ፣ ይሸታል አይደል? ወይስ የእኔ አፍንጫ ነው?» አለችኝ።

«ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሲመጣ ይደርስሻል» አልኳት፣ ጫማዬን እያየሁ።

ውጤቱ እንዳሰብኩት መጣ። ወረቀቱ ላይ «በተወሰደው የአየር ናሙና ከውጭው አየር የተለየ የሻጋታ መጠን አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። ይህ እውነት ነው። ከሥሩ «የግድግዳ እርጥበት» የሚል ሣጥን አለ። እዚያ ላይ «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ገጽ ውስጥ ፈጽማ ውሸት የሆነችው ያቺ አንዲት ቃል ናት። ጋሼ ገረፍ አድርገው አዩትና «አፍንጫ የለም ካለች የለም» ብለው ፈረሙ።

ከዚያ አራት ወር አለፈ። እታለም ጋ መሄድ ቀነስኩ፤ ስሄድም በምድር ቤቱ በር ሳላልፍ በጎን ደረጃ እወጣለሁ። ጨርቅ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ጨርቅ ሳንባ የለውም። በሌላው ሰው ቤት ላይ ግን ጨከንኩ። አንድ ምስኪን ሰውዬ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ የሳንቲም ታህል ነጥብ ቢገኝበት፣ ሰው የገደለ ይመስል አፈጠጥኩበት። ሰውየው ግራ ገብቶት «በበረኪና ብጠርገው አይሆንም?» አለኝ። ይሆናል። እዚያው አስጠርጌው መሄድ እችል ነበር።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ልብስ ሰፊዋ ቢሮዬ መጣች። ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ገባችና የያዘችውን ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ውስጡ ሰማያዊ ጃኬት አለ።

«በዓይኔ ነው የለካሁሽ፤ እስቲ ልበሺው» አለችኝ።

ለበስኩት። ልክክ አለብኝ። የትከሻው ስፌት እንኳን አልተዛነፈም።

«በምን ምክንያት ነው?» አልኳት።

«አሳረፍሽኝ እኮ። አባቴን አምጥቼ አብሮኝ ነው ያለው፤ ክፍሉንም የያዝኩት ለእሱ ነው። ድሮውንም ደረቱን ያመዋል። አሁን ግን ባሰበትና ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተኛ። ሐኪሙ ቤታችሁ እርጥበት ወይ ሻጋታ አለው ብሎ ሲጠይቀኝ ያንቺን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። እንዲያውም ጥሩ፣ እንግዲያው ሌላ ነገር እንፈልግ አለኝ። ቢያንስ በእሱ በኩል ሐሳቤን አሳረፍሽልኝ።»

ጃኬቱ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። «መስኮቱን ትከፍቱታላችሁ?» አልኳት።

«የት ተደርጎ። ብርድ እንዳይመታው ዳር ዳሩን በጨርቅ ወትፌዋለሁ።»

መለኪያዬን አንስቼ «እንሂድ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ አባቷን ልጠይቅላት የፈለግሁ መስሏት ደስ አላት።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሦስት ትራስ ደርበው፣ ተደግፈው ነበር። ሲተነፍሱ ከጉሮሯቸው ፉጨት ይወጣል። እኔን ሲያዩ ለመነሳት ሞከሩ።

«አይነሱ አባባ» አልኩ።

«አርባ ዓመት ሕዝብ ጭኜ ዳገት ስወጣ» አሉ፣ በየመሐሉ እያረፉ፣ «ሞተር ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር። አሁን የራሴ ሞተር ከአልጋ እስከ በር እምቢ አለኝ። አንቺ ነሽ ቤቱን የመረመርሽው? ተባረኪ ልጄ።»

ልጃቸውን «ወደ ፊተኛው ክፍል እንውሰዳቸው» አልኳት። ግራና ቀኝ ደግፈን ወስደን ልብስ መስፊያው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ከዚያ ተመልሰን አልጋውን ሳብኩት። ራስጌው ጀርባ ያለው ቀለም አብጦ ተነፍቷል። በጣቴ ስነካው እንደራሰ ወረቀት ተቀደደ። ከሥሩ ግድግዳው አረንጓዴና ጥቁር ነበር፤ ከወለሉ ተነስቶ የእሳቸው ትራስ እስከሚደርስበት።

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይኼ መቼ መጣ?»

«ያን ጊዜም ነበረ» አልኩ። «አውቄዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ግድግዳው እርጥብ መሆኑን። ለክቼዋለሁ። አልተለካም ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱም ክፍት ነበር። አየሩ ሲለካ መስኮት ከተከፈተ ሻጋታው አይያዝም። ያንን እያወቅሁ ለካሁት። ባለቤቷም እህቴ ናት።»

«እህትሽ መሆኗንማ ነግራኛለች» አለች ቀስ ብላ። «የራሷ እህት ካልነገረቻት ማን ይነግራታል ብዬ ነው እንዲያውም ይበልጥ ያመንኩሽ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ልትቀመጥ ብላ፣ ፍራሹን ስትነካው እንደ እሳት ለቀቀችው። ቀዝቅዞ ነበር። ግድግዳውን አየች፣ ትራሱን አየች።

«ራስጌውን ወደዚህ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «በመስኮቱ በኩል ይነፍስበታል ብዬ።»

ከሁሉ የባሰብኝ ያ ነው። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ እችለው ነበር። የእኔን ጥፋት ወስዳ በራሷ ላይ ስትጭነው ማየት ግን አቃተኝ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት።

«እሱን አንቺ አትነግሪኝም» አለችኝ።

ጃኬቱን አውልቄ ልሰጣት ዘረጋሁ። አልተቀበለችኝም። «በልክሽ የተሰፋ ነው፤ ማንን ይሆናል?» አለችና አለፈችኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ለሐኪሙ የምትነግሪው ግን አንቺ ነሽ። አሁን።»

ሦስታችንም በአንድ ታክሲ ሄድን። አባባ መሐል ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ ለባለ ታክሲው ማርሽ አቀያየር ሲያርሙለት ነበር፤ ምን እንደሆነ ገና አልነገርናቸውም። ሐኪሙ ፊት ቆሜ፣ ልጃቸው እየሰማች፣ ከመስኮቱ ጀምሬ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። አልተቆጣኝም። «ይህን ከአራት ወር በፊት ብናውቅ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። ያን ቀን አስተኟቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ቢሮ ገባሁ። «የፈረሙበት አንድ ወረቀት ሐሰት ነው» አልኳቸው።

ሲሰሙኝ ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው «እዚህ ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ።

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንተኛሽ ነው?»

«የመጀመሪያዬ ነው ጋሼ።»

«እንዴት ብዬ ልመንሽ?»

የጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ከመዝገብ ቤት ወጡ፤ ባልደረቦቼ በየቤቱ እየዞሩ የእኔን ሥራ እንደገና መመርመር ያዙ። ሌላ ስሕተት አላገኙም። ቢሆንም የመፈረም ሥልጣኔ ተነሳ፤ ለአንድ ዓመትም ከምርመራ ሥራ ታገድኩ። ጋሼም በእኔ ምክንያት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን አላሳዩኝም፤ ከጸሐፊዋ ነው የሰማሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍንጫ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

የቀረችኝ እታለም ነበረች። ስገባ ሳሎን ተቀምጣ የታጠበ አንሶላ ታጥፋለች። ቀና አላለችም።

«አዋረድሽኝ» አለች። «ለአንድ የተሰበረ አሸንዳ ብለሽ።»

«ሰውየው ሆስፒታል ተኝተዋል እታለም።»

«ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ያስላል። እማዬስ አልሳለችም?»

ይህን እንዳለች እጇ አንሶላው ላይ ቀረ። ከአፏ ያመለጣትን ቃል ራሷ የሰማችው ገና ያኔ መሰለኝ። ከዚያ፣ እኔን ሳታይ፣ አንሶላውን እያየች መናገር ጀመረች።

«ሁለት ዓመት እዚያ አስተኛኋት። ደረጃ አትወጣም ብዬ። ብርድ እንዳይነካት መስኮቱን ያሸግኩት እኔ ነኝ። አንቺ ኮሌጅ ነበርሽ። ስታስል ሾርባ እሰጣታለሁ፣ ጀርባዋን አሻለሁ፣ መልሼ አስተኛታለሁ። እዚያው። አሁን መጥተሽ ክፍሉ ነው ካልሽኝ…»

አልጨረሰችውም።

ለምን በጥድፊያ እንዳስቀባችው፣ ለምን ባዳ እንዳይገባ እንደፈራች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ራሴን ታዘብኩ። ያደግንበት ቤት ውስጥ እናቴ ያረፈችበትን ክፍል አፍንጫዬ ሊለየው እየቻለ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳልጠራ አንድ ቀን መለኪያዬን ይዤ አልወረድኩም። ሥራዬ የሌላ ሰው ቤት ነበር።

«ክፍሉ ነው?» አለችኝ። ዓይኗን ቀና አድርጋ፣ እንደ ልጅ።

አይደለም ብላት ዕረፍት ታገኝ ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ያኔ የለካው ሰው የለም።»

አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዳቅፋት አልፈቀደችልኝም፤ ሂጂም አላለችኝም።

ጋሼ በላኳቸው ሰዎች ልስኑ ተፈረፈረ። ከዳገቱ በኩል ያለው የውኃ መውረጃ በአፈር ተደፍኖ፣ ውኃው ለስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ በግድግዳው ውስጥ ሲመጣ ኖሯል። አሸንዳው ጤነኛ ነበር። ክፍሉ ተራቁቶ፣ ድንጋዩ እስኪታይ ድረስ ተፋቀ፤ እታለምም ከዚያ በኋላ ለማንም አላከራየችውም።

ልብስ ሰፊዋ አባቷ ሆስፒታል ሳሉ ቤት ቀየረች። ከመግባቷ በፊት ደወለችልኝ። «አዲሱን ቤት የሚመረምር ሰው ሊመጣ ነው» አለች። «አንቺ እንዳትመጪ። ሰውየውን ምን ምን ብዬ ልጠይቀው፣ እሱን ንገሪኝ።» ነገርኳት። እየጻፈች፣ እያንዳንዱን እየደገመችልኝ ጨረስን። አመሰግናለሁ ሳትል ዘጋችው።

አባባ ከአንድ ወር በኋላ ወጡ። ዳኑ ማለት ይከብዳል። ጥግ ድረስ በእግራቸው ሄደው ይመለሳሉ፤ ፎቅ ግን አይወጡም፤ ሐኪሙም የተጎዳው ሳንባ አይመለስም ብሏል። ምን ያህሉ ቀድሞ የነበረ፣ ምን ያህሉ የእኔ እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ የለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም «አባባ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ። ሄድን። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ አየችንና፣ እንደተከፈተ ትታው ወደ መስፊያዋ ተመለሰች። አባባ መስኮቱ ሥር ነበሩ። እታለም ፊታቸው ቆማ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች፤ ቃሉ ተሰባበረባት። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

«ተቀመጡ» አሉን። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንድ ጊዜ ፍሬኑ እንደላላ እያወቅሁ ሕዝብ ጭኜ ወጥቻለሁ። አለቃዬ ዛሬን ብቻ ብሎኝ። ስልሳ ሰው። ቁልቁለቱን ወርጄ ሁሉንም በደህና አወረድኩ። ማንም አላወቀም። እናንተ ላይ ግን ደረሰ። ልዩነታችን ያቺ ናት።»

የመስፊያው ድምፅ ቆመ። «አባዬ፣ አትማራቸው» አለች ልጃቸው፣ ፊቷን ሳታዞር።

«አልማርኳቸውም» አሉ። «የሆነውን ነገርኳቸው እንጂ።»

መስፊያው እንደገና ተነሳ። ትንሽ ተቀምጠን ወጣን። ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር እታለም ብቻ ቦታ አግኝታ ተቀመጠች፣ እኔ አጠገቧ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ብዙ ፌርማታ ካለፍን በኋላ እጄን ነካችኝ።

«በሚቀጥለው እሑድ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ልጃቸው ላታስገባሽ ትችላለች።»

«እንግዲያው በር ላይ እቆማለሁ» አለች።